«የጥጋብ ሕመም» ለተባለው ጽሑፍ ከሥነ ምግብ ባለሙያዎች የተሰጠ ምላሽ

«የጥጋብ ሕመም» በሚል ርዕስ የወጣውና ብዙ ሰው የተቀባበለው ጽሑፍ ስለ አኖሬክሲያ (ራስን ከምግብ መከልከል)፣ ስለ ቡሊሚያ (አብዝቶ በልቶ ሆን ብሎ ማስመለስ) እና ስለ መሰል የአመጋገብ ሕመሞች ስድስት ነገር ይላል። ሕመሙ የነጮችና የሀብታም ልጆች ነው፤ የያዘው ሰው በክሳቱ ይለያል፤ መጾም የለመደ ሕዝብን አይነካም፤ ወፍራም ሰው አብዝቶ ቢበላ ሆዳምነት እንጂ ሕመም አይደለም፤ ለከሳው መድኃኒቱ ማብላት ነው፤ ሕፃናት በምግብ እጥረት በሚታመሙበት አገር ለዚህ በጀት መመደብ ቅንጦት ነው። የጸሐፊው ብዕር ይጥማል፤ ቀልዳቸውም ያስቃል። ነገር ግን ምክራቸውን እንዳለ የተከተለ ቤተሰብ ታማሚውን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ እንመልሳለን። ነጥቦቹ እኩል ስላልሆኑ ምላሻችንም እኩል አይረዝምም። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የሀብታም ልጅ ሕመም ነው ስለመባሉ

ይህ እምነት ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። ስለ አኖሬክሲያ የተጻፉት ቀደምት ጥናቶች የተሠሩት ሐኪም ቤት በደረሱ ሰዎች ላይ ነው። ሐኪም ቤት የሚደርሱት ደግሞ የመክፈል አቅም ያላቸው፣ ሐኪሙም ይህን ሕመም የሚጠረጥርባቸው ነበሩ። ያልተጠረጠረ አይመረመርም፤ ያልተመረመረ አይቆጠርም፤ ያልተቆጠረው ደግሞ «እኛ ጋ የለም» ይባላል።

በ2006 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ነገሩን ፍንትው አድርጎ አሳይቷል። ሜሪ የተባለች አንዲት ምናባዊ ልጅ ስለ አመጋገቧ የጻፈችው ማስታወሻ ለሥነ ልቦና ባለሙያዎች ተሰጠ። ጽሑፉ ለሁሉም አንድ ነው፤ የተቀየረው የልጅቷ ዘር ብቻ ነው። ነጭ ናት ከተባሉት ባለሙያዎች 44 በመቶ፣ ከላቲን አሜሪካ የዘር ሐረግ ናት ከተባሉት 41 በመቶ የልጅቷ አመጋገብ አሳሳቢ ነው አሉ። ጥቁር ናት ከተባሉት ግን እንዲህ ያሉት 17 በመቶ ብቻ ናቸው። ዋሽንግተን ዲሲ ወይም ሚኒያፖሊስ ያደገች የሐበሻ ልጅ ሐኪሟ ፊት ስትቀመጥ የሚያጋጥማት ይኸው ሚዛን ነው፤ በዚያ ላይ እናቷም «እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም» ትላለች። ልጅቷ በሁለት በኩል ሳትታይ ትቀራለች ማለት ነው።

የሀብታም ነው የሚለውም አይጸናም። በቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ ከተማ ነፃ ምግብ ከሚታደልባቸው ቦታዎች በሚጠቀሙ 503 ሰዎች ላይ ተሠርቶ በ2017 የታተመ ጥናት ነበር። እጥረቱ ከሁሉም በከፋባቸው፣ ልጆቻቸው ጭምር በሚራቡባቸው ቤቶች ውስጥ ካሉት 17 በመቶ የሚሆኑት ሕክምና የሚያሻው ደረጃ ላይ የደረሰ የአመጋገብ ሕመም ምልክት ታይቶባቸዋል። ምክንያቱ ለሥነ ምግብ ባለሙያ እንግዳ አይደለም። ደመወዝ ወይም እርዳታ በተገኘ ሰሞን ቤት ውስጥ ምግብ ይኖራል፤ የተራበ አካል ያንን በፍጥነትና ከመጠን በላይ ይወስዳል፤ ከዚያ ያልቃል፤ እናት ለልጆቿ ስትል ትተዋለች፤ ደግሞ ምግብ ይመጣል። ይህ ውጣ ውረድ ራሱ ሕመሙን ይቀሰቅሳል።

ረሃብ አእምሮን ምን እንደሚያደርግ ከተጠራጠሩ የሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲን ሙከራ ያስታውሱ። ከኖቬምበር 1944 ጀምሮ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶች በፈቃዳቸው የተሳተፉበት ሲሆን፣ ለ24 ሳምንታት ምግባቸው በግማሽ ያህል ተቀንሶ ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። ከመነሻው ስለ ቁመናቸው የሚጨነቅ አልነበረም። ሆኖም ቀኑን ሙሉ ስለ ምግብ ማሰብ፣ የምግብ አሠራር መጽሐፍ መሰብሰብ፣ አንዲት ሳህን ለረጅም ጊዜ እያንቀረፈፉ መብላት፣ መነጫነጭና ከሰው መሸሽ ጀመሩ። ምግቡ ከተመለሰላቸው በኋላም አንዳንዶቹ ለወራት ሆዳቸው ሞልቶ እንኳ ማቆም ያቅታቸው ነበር። በዓረብ አገር በሰው ቤት ሲሠሩ አሠሪ ምግብ የሚከለክላቸው ሴቶች እንዳሉ በሰብዓዊ መብት ድርጅቶች በተደጋጋሚ ተመዝግቧል። ከእነዚህ አንዷ ወደ አገሯ ተመልሳ ምግብ ብትደብቅ ወይም ሌሊት ተነስታ እስኪያማት ብትበላ «ተለክፋ ነው» ከማለት በፊት ስንት ጊዜ እንደተራበች መጠየቅ ይቀድማል።

በዚሁ ላይ ስለ ሯጮች አንድ ነገር እንጨምር፤ ከእኛ አገር ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ነውና። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በ2014 ባወጣው ሰነድ፣ አትሌት የሚያወጣውን ጉልበት የሚተካ ምግብ ሲያጣ አጥንቱ፣ ሆርሞኑና ልቡ እንደሚጎዱ፣ ይህም ወንዶችንም እንደሚጨምር አስቀምጧል። ስሌቱ ቀላል ነው። ከስብ ውጪ ያለ ክብደቷ 43 ኪሎ የሆነች ሯጭ በቀን በልምምድ 900 ካሎሪ ብታቃጥል፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ ቢያንስ 30 ካሎሪ እንዲተርፋት 1,290 ሲደመር 900፣ ማለትም 2,190 ካሎሪ መብላት አለባት። ይህም ከዚያ በታች መውረድ የሌለባት ወለል ነው፤ ለጤንነቷ የሚመከረው ለእያንዳንዱ ኪሎ 45 ካሎሪ አካባቢ ነው። የወር አበባዋ ሲቋረጥ «ልምምዱ ጠንክሮ ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ የልብ ምቷ ሲወርድም «የሯጭ ልብ ነው» ይባላል። በሚገባ የምትመገብ ሯጭ ተነስታ ስትቆም ምቷ በጥቂቱ ነው የሚጨምረው፤ የተጎዳችው ግን ስትቆም ምቷ ይፈናጠራል፤ ያዞራታልም።

በክሳት ይለያል ስለመባሉ

ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህ ነጥብ ነው። ቀደም ሲል የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች የምርመራ መመሪያ አኖሬክሲያን ለመመዝገብ የክብደት መውረድን በቁጥር ያስቀምጥ፣ የወር አበባ መቋረጥንም ይጠይቅ ነበር። በ2013 የወጣው አምስተኛው እትም የወር አበባውን መስፈርት ሰረዘ፤ ሌላው ምልክት ሁሉ እያለ ክብደቱ ብቻ መደበኛ ወይም ከዚያ በላይ የሆነውንም «ኢተለመዳዊ አኖሬክሲያ» በሚል መዘገበው። ስሙ አሳሳች ነው፤ ሰው ቀለል ያለ ሕመም ይመስለዋል። በ2019 በታዳጊዎች ላይ የታተመ ጥናት ግን የልብ ምት መውረድንና የኤሌክትሮላይት (በደም ውስጥ ያሉ እንደ ፖታሲየም ያሉ ማዕድናት) መዛባትን የሚወስነው ታማሚው ዛሬ ያለው ክብደት ብቻ እንዳልሆነ፣ ምን ያህልና በምን ፍጥነት እንደቀነሰም እንደሆነ አሳይቷል።

ሁለት ልጆች እናነጻጽር። አንደኛዋ 15 ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ 1.62 ሜትር። ከስድስት ወር በፊት 78 ኪሎ ነበረች፤ ዛሬ 58 ኪሎ ናት። ቢኤምአይዋ (ኪሎዋ በሜትር ቁመቷ ስኩዌር ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር) ከ29.7 ወደ 22.1 ወርዷል፤ ሰንጠረዡ ላይ «ጤናማ» በሚለው መሐል ላይ ትገኛለች። ዘመድ ሁሉ «እንዴት አምሮብሻል!» ይላታል። እሷ ግን ከክብደቷ ከሩብ በላይ አጥታለች፤ እጇ ይቀዘቅዛል፤ የልብ ምቷ ቀን ላይ በደቂቃ 44 ነው። ሁለተኛዋ 1.60 ሜትር ቁመትና 45 ኪሎ ያላት ሲሆን ቢኤምአይዋ 17.6 ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ናት፤ የወር አበባዋ አልተዛባም፤ ትጫወታለች፤ የቀረበላትን ትበላለች። በዓይን የሚፈርድ ሰው ሁለተኛዋን ያስተኛል፤ አንደኛዋን ያደንቃል። በ2016 የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች 22 በመቶው ቢኤምአይያቸው ከ18.5 በታች ነበር። እንዲህ ባለ አገር ቢኤምአይ ብቻውን የአመጋገብ ሕመምን ከምግብ እጥረት ሊለይ አይችልም። እስራኤል በ2012 ባወጣችው ሕግ ሞዴሎች ቢኤምአይያቸው ከ18.5 በታች አለመሆኑን በሐኪም ወረቀት እንዲያሳዩ አድርጋለች፤ ሐሳቡ በጎ ነው፤ የመጀመሪያዋን ልጅ ግን ያ ሕግም አያያትም።

ታዲያ ምን ይለካ? ክብደት ይለካ፤ ግን ካለፈው ጋር ይነጻጸር። ቀድሞ የተመዘገበ ከሌለ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም፣ ቀበቶ፣ የአምና ፎቶ ይረዳሉ። ሲለካ ሽንት ከተሸና በኋላ፣ በስስ ልብስ፣ ኪስ ባዶ ሆኖ ነው። ከመመዘን በፊት ሊትር ሙሉ ውኃ የሚጠጡ አሉ፤ ይህ ቁጥሩን ከማሳሳቱም በላይ የደም ሶዲየምን አውርዶ እንዲያንዘፈዝፍ ሊያደርግ ይችላል። ቀጥሎ አምስት ደቂቃ አስተኝቶ የልብ ምትና የደም ግፊት መለካት፣ ከዚያ አስነስቶ ከሁለት ደቂቃ በኋላ መድገም። በታዳጊ ላይ ቀን በደቂቃ ከ50፣ በእንቅልፍ ከ45 በታች የሆነ ምት፣ ከ90 በ45 በታች የሆነ ግፊት፣ ከ35.6 ዲግሪ በታች የሆነ ሙቀት ሆስፒታል ማስተኛትን የሚጠይቁ ናቸው። የደም ፖታሲየም፣ ፎስፌትና ማግኒዥየም፣ እንዲሁም ኢሲጂ (የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ) ይታዩ። የላቦራቶሪ ውጤት መልካም መሆን ግን ነፃ አያወጣም፤ የተጎዳ አካል እስከ መጨረሻው ድረስ የደሙን ቁጥር አስተካክሎ ሊይዝ ይችላል።

ሌላው የሚያሳስት «ጨጓራ» ነው። ለረጅም ጊዜ ያልበላ ሰው ሆዱ ምግብ የሚያሳልፈው በዝግታ ስለሆነ ሁለት ጉርሻ ሲበላ ይነፋዋል፤ ያቅለሸልሸዋል። ክሊኒክ ይሄዳል፤ የጨጓራ ባክቴሪያ፣ ታይፎይድ ወይም ጃርዲያ ተብሎ መድኃኒት ይታዘዝለታል፤ መድኃኒቱ ደግሞ የምግብ ፍላጎቱን ይዘጋዋል። ሦስተኛ ጊዜ «ጨጓራ» ተብሎ የመጣ ታዳጊ ሲከሳ ከታየ «አጥተህ ነው ወይስ ትተህ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። በሚያስመልሱት ዘንድ ደግሞ ክሳት ላይኖር ይችላል፤ ከጆሮ በታች የምራቅ ዕጢ ማበጥ፣ የፊት ጥርስ የውስጥ ገጽ መሸርሸር፣ በጣት አንጓ ላይ ጠባሳ ይታያል። ለእነዚህ ሰዎች አንድ ትንሽ ምክር ጥርሳቸውን ታድናለች፤ ካስመለሱ በኋላ ወዲያው አይፋቁ፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በብርጭቆ ውኃ በጥብጠው ይጉመጥመጡ። አሲድ ያለሰለሰውን ጥርስ ብሩሽ ይበልጥ ይፍቀዋልና።

ጾም ይከላከላል ስለመባሉ

ጸሐፊው እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አላቸው። ጾም በራሱ የአመጋገብ ሕመም አይደለም፤ በዓመት 180 ቀን ገደማ የሚጾም ምእመን አብዛኛው ጤነኛ ነው። ጾሙን እንደ በሽታ የሚቆጥሩ የውጭ ባለሙያዎችም ይሳሳታሉ። ነገር ግን ጾም ሕመሙን አይከላከልም፤ ይልቁንም ይሸፍነዋል። በ2004 በታተመ ጥናት በሰሜን ምሥራቅ ጋና በሁለት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች 668 ሴት ተማሪዎች ሲመረመሩ፣ ቢኤምአይያቸው ከ17.5 በታች ሆኖ ራስን ከምግብ ከመከልከል በቀር ሌላ ምክንያት ያልተገኘባቸው አሥር ነበሩ። አሥሩም ይህን የሚያዩት በሃይማኖት ዓይን ነበር፤ ራስን መግዛት፣ ረሃብን ማሸነፍ። ስለ መወፈር የሚፈራ አልነበረም። «መወፈር ትፈራለህ?» የሚለውን ጥያቄ ብቻ የሚያውቅ መርማሪ እነዚህን ሁሉ ያሳልፋቸዋል።

ልዩነቱን የሚያወጣው የጾሙ ማብቂያ ነው። ጤነኛ ጿሚ በፋሲካ ሌሊት ዶሮውን ይናፍቃል፤ የታመመው ግን ፋሲካ ሲቃረብ ይጨነቃል። ከትንሣኤ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ በዚህ ወቅት አዲስ ስእለት፣ አዲስ ሱባኤ የሚያበዛ ልጅ ካለ ልብ በሉ። በጾም የሚፈቀደውንም መቁረጥ ሌላ ምልክት ነው፤ ሽሮው ያለ ዘይት፣ እንጀራው ያለ ወጥ፣ ለውዝና ተልባው «ይከብደኛል»። ብቻውን መብላት፣ ዘጠኝ ሰዓትን ወደ ማታ፣ ማታን ወደ ነገ መግፋት፣ በልቶ ወዲያው መጸዳጃ ቤት መግባትም እንዲሁ። በረመዳን ደግሞ ከኢፍጣር በኋላ ከቁጥጥር ውጪ መብላትና ማስመለስ ሊደበቅ ይችላል። ቁርኣን ለታመመ ሰው ጾሙን በሌላ ቀን እንዲተካ ይፈቅዳል፤ በኦርቶዶክስም የታመመ በንስሐ አባቱ ፈቃድ ይበላል። ስለዚህ ቄሱን ወይም ኢማሙን ከሕክምናው ቡድን ውስጥ ማስገባት ተገቢ ነው፤ «ይህ ሕመም ነው፤ ብላ» የሚለው ቃል ከእነርሱ አፍ ሲወጣ ክብደቱ ሌላ ነው።

ታማሚው በጾም ምግብ ይታከም ከተባለም ይቻላል፤ ቁምነገሩ በትንሽ መጠን ብዙ ጉልበት ማስገባት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው። 60 ግራም በሶ በአንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይትና በአንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ቢታሽ ወደ 400 ካሎሪ ይጠጋል፤ በእጅ የሚያዝ ጭብጦ ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤና ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር የገባበት የለውዝ ሻይ 220 ያህል ይሰጣል። 100 ግራም አቮካዶ 160 ካሎሪ ነው። ጎመንና ሰላጣ ላይ ማተኮር ግን ሆድ ይሞላል እንጂ አይገነባም። የቫይታሚን ቢ12 እንክብል መታከል አለበት።

ሆዳምነት ነው ስለመባሉ

እዚህ ላይ ብዙ አንቆይም። ቢንጅ ኢቲንግ የተባለው ሕመም በ2013 ራሱን የቻለ ምርመራ ሆኗል፤ በአማካይ በሳምንት አንዴ፣ ለሦስት ወር፣ ከቁጥጥር በወጣ ስሜት አብዝቶ መብላትና በዚያ መሰቃየት ነው። ለዚህ ሰው ዳይት ማዘዝ እሳቱ ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ነው። ቁርስና ምሳ ዘሎ በቡና የዋለ ሰው ማታ ቢንጅ ያደርጋል፤ ተጸጽቶ ነገም ይዘላል። ሕክምናው የሚጀምረው የምግብ ሰዓትን ከማስተካከል ነው፤ ሦስት ዋና ምግብ፣ ሁለት ወይም ሦስት መክሰስ፣ በመካከሉ ከአራት ሰዓት ያልበለጠ ክፍተት። ሌሊት ቢንጅ አድርጎ ያደረም ቢሆን ቁርሱን ይበላል። ይህ ሳይስተካከል የሚሰጥ የንግግር ሕክምና አይዝም። በየሱቁ የሚሸጠው የማቅጠኛ ሻይ ብዙ ጊዜ ሰና የተባለ የሚያስቀምጥ ቅጠል አለበት፤ ሰና የሚሠራው ትልቁ አንጀት ላይ ነው፤ ካሎሪው ደግሞ ቀድሞ በትንሹ አንጀት ተወስዷል። የሚወጣው ውኃና ፖታሲየም ነው፤ የፖታሲየም መውረድ ልብ ያቆማል። ለሐኪሞች አንድ ማሳሰቢያ፤ ቡፕሮፒዮን የተባለው የድብርት መድኃኒት ቡሊሚያ ወይም አኖሬክሲያ ላለበት አይሰጥም፤ የሚጥል በሽታ ያስነሳል። ዓይነት አንድ ስኳር ያለባት ወጣት በተደጋጋሚ በኬቶአሲዶሲስ (በኢንሱሊን እጥረት ደም አሲድ ሲሆን) ከመጣችም ኢንሱሊን የምትዘለው ለመቅጠን እንዳይሆን ይጠየቅ።

መድኃኒቱ ማብላት ነው ስለመባሉ

የጸሐፊው አደገኛ ነጥብ ይህ ነው፤ በከፊል እውነት ስለሆነ ይበልጥ ያታልላል። አዎ፣ ያለ ምግብ የሚድን የለም። ግን ለረጅም ጊዜ የተራበ አካል ላይ በአንድ ጊዜ የሚፈስ ምግብ ሊገድል ይችላል።

አሠራሩ ይህ ነው። የተራበ ሰው በስብ ይኖራል፤ ኢንሱሊኑ ዝቅ ያለ ነው። ምግብ፣ በተለይ ስኳርና ስታርች፣ ሲገባ ኢንሱሊን ይወጣል፤ ሴሎች ስኳሩን ለመጠቀም ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዥየም ከደም ውስጥ ይስባሉ፤ ታያሚን (ቫይታሚን ቢ1) ይሟጠጣል። የደም ፎስፌት ሲወርድ የልብና የመተንፈሻ ጡንቻ ይደክማል፤ እግር ያብጣል፤ የልብ ምት ይዛባል፤ ሰው ይቃዣል። ሪፊዲንግ ሲንድረም ይባላል። ብዙውን ጊዜ የሚከሰተው በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት፣ አንዳንዴም እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከጦር እስር የተፈቱ ሰዎች ምግብ ካገኙ በኋላ መሞታቸው ሐኪሞችን ያስተማረው ይህንኑ ነው።

ከፍተኛ ስጋት ያለበት ማን ነው? በእንግሊዝ መመሪያ መሠረት ከእነዚህ አንዱ ይበቃል፦ ቢኤምአይ ከ16 በታች፣ በሦስት እስከ ስድስት ወር ውስጥ ከክብደት ከ15 በመቶ በላይ መቀነስ፣ ከአሥር ቀን በላይ ምንም ወይም ምንም ያህል አለመብላት፣ ከመመገብ በፊት የወረደ ፖታሲየም፣ ፎስፌት ወይም ማግኒዥየም። ከላይ የጠቀስናት የ58 ኪሎዋ ልጅ በዚህ መስፈርት ሁለተኛው ሥር ትገባለች። ቢኤምአይዋ 22 ነው ብሎ «ዝም ብላችሁ አብሏት» የሚል ምክር የሚጎዳው እንዲህ ያለችውን ነው።

ግሉኮስ መሰካት ደግሞ ለብቻው ይነገር። ደከመኝ ያለ ሁሉ ክሊኒክ ገብቶ «ግሉኮስ ይሰካልኝ» ማለት የተለመደ ነው። ለተራበ ሰው ያለ ታያሚን በደም ሥር የሚሰጥ ግሉኮስ ሪፊዲንግን ያፋጥናል፤ አንጎልንም ሊጎዳ ይችላል፤ ዓይን ይንቀጠቀጣል፣ እርምጃ ይዛባል፣ አእምሮ ይደናገራል። ታያሚን ይቅደም፤ በቀን ከ200 እስከ 300 ሚሊ ግራም፣ ለመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት። ከዚያ ምግብ። ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዥየም በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ ይታዩ።

በምን ያህል ይጀመር በሚለው ላይ ባለሙያዎች አንድ ልብ አይደሉም። የ2006 የእንግሊዝ መመሪያ ለከፍተኛ ስጋት በቀን በኪሎ ቢበዛ 10 ካሎሪ ይላል። እንዲህ ዝቅ ሲባል ግን ታማሚው ሆስፒታል ተኝቶ ክብደት መቀነሱን ይቀጥላል። በ2020 በአሜሪካ በታዳጊዎችና ወጣቶች ላይ የወጣው ሙከራ በቀን 1,400 ካሎሪ የጀመሩትን 2,000 ከጀመሩት ጋር አወዳድሮ፣ ከፍ ብለው የጀመሩት የልብ ምታቸውና ሌላው ምልክታቸው ቶሎ እንደተስተካከለ፣ የኤሌክትሮላይት መዛባትም እንዳልበዛባቸው አገኘ። እኛ የምናምነው ይህን ነው፦ ላቦራቶሪ በየቀኑ በሚሠራበት ቦታ ከፍ ብሎ መጀመር ይሻላል፤ በሌለበት ግን ይህን ድፍረት ቤት ውስጥ መሞከር አይገባም፤ ወደሚችል ሆስፒታል መላክ ነው።

ደግሞም ይህ እውቀት በአገራችን የለም አይባልም። በየጤና ተቋሙ በከፍተኛ የምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት መጀመሪያ ኤፍ-75 ወተት፣ ከተረጋጉ በኋላ ኤፍ-100 የሚሰጣቸው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የመጀመሪያው በ100 ሚሊ ሊትር 75፣ ሁለተኛው 100 ካሎሪ ነው። የሕፃናት ክፍል ነርስ የምታውቀውን የጎልማሶች ክፍል አለማወቁ ነው የሚገርመው።

ከአደጋው ካለፈ በኋላ ሥራው ረጅም ነው። ቤት ሆኖ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ያህል መጨመር ጥሩ ነው፤ ይህም ሲሆን ብዙዎች በቀን 3,000 ካሎሪና ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ፤ አካሉ ሲያገግም ብዙ ያቃጥላልና። ለታዳጊዎች ቤተሰብን ያማከለው ሕክምና የተሻለ ማስረጃ አለው፤ መጀመሪያ ወላጅ ምግቡን ሙሉ በሙሉ ይረከባል፤ ቀስ በቀስ ለልጁ ይመልሳል። የእኛ የአበላል ባህል እዚህ ላይ ይረዳልም ያስቸግራልም። አብሮ መብላት ጥሩ ነው፤ ከአንድ ገበታ ግን ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም፤ እንጀራ እየቆረሰ ጥግ ላይ የሚያከማች ልጅ የበላ ይመስላል። ስለዚህ ለጊዜው በተለየ ሳህን ይቅረብለት፤ በዚያው ማዕድ፣ ከሁሉም ጋር። ለምግብ 30 ደቂቃ፣ ለመክሰስ 15፤ ከበላ በኋላ አንድ ሰዓት ከሰው ጋር ይቀመጥ። ጉርሻ ከሳህኑ ላይ ተቆርሶ ይሰጥ እንጂ የሳህኑ ምትክ አይሁን። ዕቅዱን እናት ብቻ ሳትሆን አያትና የቤት ሠራተኛዋም ይወቁት፤ ወጡን ያለ ዘይት እንድትሠራ በጓዳ የምትለመነው እሷ ናትና። እንግዳ «ወፈርሽ፣ ተመስገን» እንዳይል አስቀድሞ ይነገረው። በፍቅር የተባለ ቢሆንም ያን ዕለት እራት ሊያስቀር ይችላል።

ቅንጦት ነው ስለመባሉ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ያወጣው፣ በጤና ጣቢያ ደረጃ የአእምሮ ሕመምን ለማከም የሚያገለግለው መመሪያ ድብርትን፣ የሚጥል በሽታን፣ ሱስንና ሌሎችንም ይዟል፤ ለአመጋገብ ሕመም የተለየ ምዕራፍ የለውም። በዚህ መመሪያ የሠለጠነ ጤና መኮንን ይህን ሕመም ባያውቀው አይፈረድበትም። በሀብታሞቹ አገሮችም ቢሆን ገንዘብ ያዳላል። በአሜሪካ ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት የጤና መድን የሥነ ምግብ ባለሙያን ሕክምና የሚከፍለው ለስኳርና ለኩላሊት ሕመም ነው፤ ለአኖሬክሲያ አይከፍልም። በ2016 የወጣው ሕግ የአመጋገብ ሕመምን ሕክምና የሚሸፍኑ ኢንሹራንሶች ከሌላው ሕመም እኩል እንዲያዩት ቢያስገድድም፣ ክብደቱ ትንሽ ሲመለስ ክፍያ የሚያቋርጡ አሉ። ለሐበሻ ቤተሰብ የሚሰጠው የምግብ ዕቅድም ብዙ ጊዜ ሲሪያልና እርጎ የተዘረዘረበት ነው። ጸሐፊው የውጭው ሕክምና እንዳለ ለእኛ አይገጥምም ያሉት እዚህ ላይ ልክ ነው። መልሱ ግን መተው አይደለም፤ ዕቅዱን በፍርፍር፣ በጭብጦ፣ በእንቁላልና በወተት ማስላት ነው።

ወጪውስ? ሚዛን፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ ኢሲጂ፣ ሦስት የደም ምርመራ፣ ታያሚንና የቤት ምግብ። የሚጎድለው የሚጠረጥር ሰው ነው። ለመጠርጠር የሚረዱ፣ በ1999 በእንግሊዝ የወጡ አምስት ጥያቄዎች አሉ፦ ሆድህ ከመጠን በላይ የሞላ ሲመስልህ ሆን ብለህ ታስመልሳለህ? መብላትህን መቆጣጠር እንዳቃተህ ትጨነቃለህ? በሦስት ወር ውስጥ ከስድስት ኪሎ በላይ ቀንሰሃል? ሌሎች ከስተሃል ሲሉህ አንተ ወፍራም እንደሆንክ ታስባለህ? ሕይወትህን ምግብ ገዝቶታል ትላለህ? ለሁለት ወይም ከዚያ በላይ አዎ ያለ በደንብ ይመርመር። ጥያቄዎቹ የሚያስመልሱትንና መወፈርን የሚፈሩትን ይይዛሉ። እንደ ጋናዎቹ ተማሪዎች ያሉትን፣ ወይም ምግብ ያንቀኛል ብሎ ፈርቶ የተወውን ልጅ ግን ያሳልፋሉ። ስለዚህ ለእኛ አገር ሁለት እንጨምር፦ ጾሙ ሲፈታ ምን ትበላለህ? ለመብላትስ የምትፈራው ምግብ የትኛው ነው?